ከሰርቪስ በኋላ የሚመጣ የሞተር ሳይክል ንዝረት፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

ዘይቱ ተቀይሮ፣ ካንዴላው ተለውጦ፣ ሰንሰለቱ ተወጥሮ የወጣ ሞተር ሳይክል ከሰርቪሱ በፊት ያልነበረ ንዝረት ሲያሳይ፣ ብዙ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚነካኩት የካርቡራተሩን (ነዳጅና አየር የሚደባለቁበትን ክፍል) ማስተካከያ ብሎን ነው። በዚህም አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሳይገኝ ሁለተኛው ይጨመርበታል። ይህ መመሪያ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ትናንት ያልነበረ ንዝረት ዛሬ ከመጣ፣ መንስኤው ከሁሉ በፊት መፈለግ ያለበት እጅ በነካው ቦታ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ፣ ቀጥሎም የተሠራውን ሥራ አንድ በአንድ ይመርምሩ።

ሞተሩን ወዲያውኑ የሚያጠፉባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካዩ ወይም ከሰሙ ሞተሩን ያጥፉ፤ መንስኤው እስኪታወቅ ድረስም መልሰው አያስነሡ።

- ከሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ጋር የሚጋጭ ከባድ ድምፅ ሲሰማ፤
- የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት ሞተሩ እየሠራ ሲበራ፤
- ንዝረቱ በደቂቃዎች ውስጥ እየባሰ ሲሄድ፤
- የሞተሩ የጎን ክዳን ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ በኃይል ሲንቀጠቀጥ። ይህ ሲያጋጥም በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ይሂዱ።

ዝግጅት

የሞተር ሳይክሉ የጥገና መጽሐፍ፣ የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቶርክ መፍቻ፣ ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት የክፍተት መለኪያ፣ ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ነጭ ቀለም ወይም የማይለቅ ብዕር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዘጋጁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቁጥሮች በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚታዩ ልኮች ናቸው፤ የእርስዎ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የመጽሐፉን ይያዙ።

ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያሠሩ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳይነቃበት ራሱን ሊያስት ይችላል። ሞተር ሳይክሉን በደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት፤ የመሃል መቆሚያ ካለው እሱን ይጠቀሙ።

ደረጃ 1፦ የተነካውን ሁሉ ይጻፉ

1. በሰርቪሱ የተፈታውን፣ የተቀየረውንና የተስተካከለውን ሁሉ በቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ያስፍሩ።
2. ወደ ዋናው ሥራ ለመድረስ ብቻ የተነሡትንም ይጨምሩ። የነዳጅ ታንክ፣ ኮርቻ፣ የጎን ፕላስቲክ፣ የአየር ፊልትሮ ሳጥንና ማርሚታ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።
3. ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው ከሆነ «ምን ቀየርክ?» ብለው ብቻ አይለፉት፤ «ምን ፈታህ?» ብለው ይጠይቁ። የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም።
4. ከሥራው በኋላ የተረፈ ብሎን፣ ሮንዴላ ወይም ላስቲክ ካለ አይጣሉት፤ ከየት እንደወጣ መፈለግ የምርመራው ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ንዝረቱ የሞተሩ ነው ወይስ የጎማው?

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀሪውን ሥራ በግምት ይሠራል። ንዝረት የሚመጣው ከሚዞር ነገር ስለሆነ፣ ከምን ጋር አብሮ እንደሚፈጥንና እንደሚዘገይ ማወቅ የመንስኤውን ሰፈር ይነግርዎታል።

*ሙከራ ሀ፣ ቆሞ።* ሞተሩን ያሙቁት፣ ማርሹን ነጻ (ፎሌ) ያድርጉና ዙሩን ቀስ ብለው ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ወደ ላይ ይውሰዱት። ንዝረቱ ቆሞም ካለ ምንጩ ሞተሩ ወይም በሞተሩ ላይ የታሰረ ነገር ነው፤ ሰንሰለቱና ጎማዎቹ ስለማይዞሩ ከተጠርጣሪነት ይወጣሉ። ንዝረቱ የበረታበትን ዙር ይመዝግቡ።

*ሙከራ ለ፣ በመንገድ ላይ።* ቀጥ ባለና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ አንድ ፍጥነት ይምረጡ፤ ለምሳሌ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር። በዚያው ፍጥነት መጀመሪያ በ3ኛ፣ ቀጥሎ በ4ኛ ማርሽ ይንዱ። የጎማው ፍጥነት ሳይለወጥ የሞተሩ ዙር ተለውጧል ማለት ነው። ንዝረቱ በማርሽ ለውጡ ከተቀየረ የሞተሩ ነው፤ እንዳለ ከቀጠለ ግን የጎማው ወይም የሰንሰለቱ ነው።

*ሙከራ ሐ፣ ጭነት ሲነሣ።* በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ ፍሪሲዮኑን ይያዙና ዙሩ ወደ ሚኒሞ እንዲወርድ ያድርጉ። ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ ከሞተሩ ወይም ሞተሩ ሲጎትት ከሚጨነቅ ክፍል ይመጣል፤ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ እያለ ከቀነሰ ጎማው ላይ ያተኩሩ። ይህን ለመሞከር በጉዞ ላይ ሞተሩን በቁልፍ አያጥፉ።

ጆሮና እጅም ያግዛሉ። በደቂቃ 6,000 ዙር የሚሠራ ሞተር በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚዞር የእሱ ንዝረት እጅን የሚያደነዝዝ ጥቅጥቅ ያለ «ዝዝዝ» ነው። ዙሪያው 1.8 ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚዞር የሚሰማዎት መንዘር ሳይሆን ድብደባ ነው። ከዚያም የዘገየ አለ፤ 126 መጋጠሚያ ያለው ሰንሰለት ባለ 42 ጥርስ የኋላ ኮሮና (ሰንሰለቱ የኋላ ጎማውን የሚያዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) ላይ ሲሄድ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው ጎማው 3 ጊዜ ሲዞር ነው። ስለዚህ በየሦስት የጎማ ዙር አንዴ የሚመጣ መጎተት ከሰንሰለቱ አንዱ ቦታ መድረቁን ያመለክታል።

አንድ ሲሊንደር ያለው ሞተር በተፈጥሮው በሆነ የዙር ክልል ውስጥ እንደሚነዝር አይርሱ። የሚፈለገው ከሰርቪሱ በፊት ያልነበረው ንዝረት ነው። ከሰርቪስ የወጣ ሰው ጆሮውን አቁሞ ስለሚነዳ ድሮ የነበረውንም እንደ አዲስ ሊሰማው ይችላል፤ ከተጠራጠሩ ሞተር ሳይክሉን ከዚህ በፊት የነዳ ሌላ ሰው ያስነዱት።

ሙከራ ሀ ንዝረቱን ካሳየ ከደረጃ 3 እስከ 7 በተራ ይሂዱ። በመንገድ ላይ ብቻ የሚታይና የጎማውን ፍጥነት የሚከተል ከሆነ ደረጃ 8ን ያስቀድሙ። ቆሞ ምንም ሳይል በመንገድ ላይ የሞተሩን ዙር የሚከተል ከሆነ፣ ሲጎትት ብቻ የሚገለጥ ነውና ደረጃ 3፣ 4፣ 6 እና 8ን ይመርምሩ።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን የያዙ ብሎኖችና በዙሪያው ያሉት

1. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሻንሲው ጋር የሚያያዙትን ብሎኖች ሁሉ አንድ በአንድ ይፈልጉ። ከታንኩ ሥር ወደ ሲሊንደሩ ክዳን የሚሄደው የላይኛው ማሰሪያ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩና በመግፊያው መካከል ያለውን ስስ ክፍተት) ለማስተካከል ተብሎ የሚፈታውም እሱ ነው።
2. እያንዳንዱን በቶርክ መፍቻ ይፈትሹ። የጥርሱ ውፍረት (የመፍቻው ቁጥር ሳይሆን) 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።
3. ሁሉም ጠብቀው ከተገኙና ንዝረቱ ከቀጠለ፣ ሞተሩን ከሥር በእንጨትና በክሪክ ይደግፉና የማሰሪያ ብሎኖቹን ሳያወጡ ያላሉ። ሞተሩን በእጅ ትንሽ ያወዛውዙትና በራሱ ቦታ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ከዚያ ሁሉንም በእጅ እስኪቆሙ ይግጠሙ፤ በመጨረሻም መጽሐፉ በሚሰጠው ቅደም ተከተል በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ።

ሦስተኛው እርምጃ ለብዙዎች ትርፍ ሥራ ይመስላል። አንዱ ብሎን ሌሎቹ ከመግባታቸው በፊት እስከ መጨረሻው ከጠበቀ ግን ሞተሩ ተጎትቶ፣ ሻንሲው ተጨንቆ ይታሰራል። እንዲህ የታሰረ ሞተር ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀው ሳለ እንደ ላላ ሞተር ይነዝራል።

ሞተሩ በላስቲክ ላይ የተቀመጠ ዓይነት ከሆነ ላስቲኩ ውስጥ ያለው የብረት ቱቦ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ። ቱቦው ከሌለ ብሎኑ ላስቲኩን ጨምቆ ድንጋይ ያደርገዋል። መጽሐፉ ካላዘዘ የብሎኑን ጥርስ ዘይት አይቀቡ፤ በተቀባ ጥርስ ላይ ያው የመፍቻ ኃይል ብሎኑን ከሚገባው በላይ ይስበዋል።

ማርሚታው ተነሥቶ ከነበረ ሁሉንም ብሎኖቹን አላልተው እንደገና ይግጠሙ፤ በሲሊንደሩ በኩል ያሉትን ዳዶዎች በእጅ ያስይዙ፣ የኋላውን ማንጠልጠያ ያስገቡ፣ ከዚያ መጀመሪያ የሲሊንደሩን፣ በመጨረሻ የማንጠልጠያውን ያጥብቁ። ንዝረቱ በመሪው ብቻ ከተሰማዎት የመሪው ጫፍ ክብደቶች መመለሳቸውን ይመልከቱ፤ በእግር መርገጫ ወይም በታንኩ ብቻ ከሆነ ሥራቸው ላይ ያለውን ላስቲክ ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ካንዴላ

1. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የካንዴላውን ቆብ ይንቀሉና መልሰው ይጫኑት። በትክክል ሲገባ «ቀጭ» ይላል ወይም መያዙ በእጅ ይታወቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሊንደር ባለው ሞተር ላይ በደንብ ያልገባ አንድ ቆብ ብቻውን ሞተሩን በሙሉ ያንቀጠቅጣል።
2. ካንዴላውን ያውጡ፤ ከማውጣትዎ በፊት ዙሪያው ላይ ያለውን አፈር በአየር ያጽዱ።
3. በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በመጽሐፉ ከተጠቀሰው ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። ርዝመቱ የበለጠ ካንዴላ ፒስተኑን ሊነካ ይችላል።
4. ነጩ ሸክላ ላይ ስንጥቅ ይፈልጉ። ወድቆ የነበረን ካንዴላ፣ አዲስም ቢሆን፣ አይመኑት።
5. ክፍተቱን ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው።
6. እስከ መጨረሻው በጣት ብቻ ያስገቡ። በጣት አልገባ ካለ ጥርሱ ተሳስቷል፤ መፍቻ ሳያስጠጉ መልሰው ያውጡት። ሮንዴላው አዲስ ከሆነ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይጨምሩ፤ ያገለገለ ካንዴላ ከሆነ ግን የአንድ ዙር አሥራ ሁለተኛው ይበቃል።

ከሲሊንደሮቹ የትኛው እንደማይሠራ ለማወቅ ሞተሩን ከቅዝቃዜ ያስነሡና ከአንድ ደቂቃ በኋላ በእያንዳንዱ የጭስ መውጫ ቧንቧ መነሻ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ይርጩ። ውሃውን «ሽሽ» አድርጎ የማያተነው ቧንቧ የሰነፈው ሲሊንደር ነው። ሞተሩ እየሠራ ቆብ እየነቀሉ አይሞክሩ፤ እርስዎን ሊያነዝርዎት፣ የማቀጣጠያውን ኤሌክትሮኒክ ክፍልም ሊያቃጥል ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሚኒሞ፣ አየርና ነዳጅ

ከሁሉ በፊት ሚኒሞውን ይለኩ። በደቂቃ 1,400 ዙር ላይ መቆም የሚገባው ሞተር ወደ 1,000 ከወረደ ምንም ሳይበላሽ ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቱም የሚኒሞ ማስተካከያውን ጥቂት ማዞር ብቻ ነው።

1. የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ይክፈቱ። ፊልትሮው ጠርዙ በሙሉ ገብቶ መቀመጡን ይዩ። በዘይት የሚነከር ስፖንጅ ከሆነ ሲጨመቅ ዘይት ማንጠባጠብ የለበትም፤ ዘይት የበዛበት ፊልትሮ አየር ስለሚከለክል ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ይታነቃል።
2. በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ላስቲክና ማሰሪያዎቹን ይመርምሩ። የተነቀለ ቀጭን ቱቦ ወይም ያልተመለሰ ትንሽ የላስቲክ ቆብ ካለ ይመልሱ።
3. ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ውሃ ይርጩ። ዙሩ ከተለወጠ እዚያ ቦታ ላይ አየር ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚቀጣጠል ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ ከጋለ ማርሚታ አጠገብ ይህን ማድረግ እሳት መጥራት ስለሆነ በውሃ ይብቃዎት።
4. የድብልቅ ማስተካከያው ብሎን ተነክቶ ከሆነ እስኪቀመጥ በቀስታ ወደ ውስጥ እያዞሩ ዙሩን ይቁጠሩና ይጻፉ፤ ከዚያ መጽሐፉ ወደሚለው ቁጥር ይመልሱት። ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ነው። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ አጥብቀው ካሰሩት ይጎዳል።

ከአንድ በላይ ካርቡራተር ባለው ሞተር ላይ ኬብሎቹ ወይም ማያያዣው ከተነኩ ካርቡራተሮቹ እኩል መክፈታቸውን በቫክዩም መለኪያ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህ በጆሮ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ያለ መለኪያ እሠራዋለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥምዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ። የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከል ከሆነም እሱ ይቅደም፤ ክፍተቱ ሲለወጥ ቫክዩሙም ስለሚለወጥ በተቃራኒው ከሄዱ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠሩታል።

ደረጃ 6፦ ዘይትና ፍሪሲዮን

የዘይቱን መጠን ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርተው፣ አጥፍተው፣ ሌላ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው ይለኩ። በጎን መቆሚያው ላይ ተዘንብሎ የተለካ ዘይት ያሳስታል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ጥርስ ካለው ሳይዞር ተቀምጦ ነው ወይስ ተዞሮ ገብቶ የሚነበበው የሚለውን ከመጽሐፉ ያረጋግጡ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን ስለሚደበድቡት አረፋ ይሆናል፣ ሞተሩ ይከብዳል፣ ዘይትም ወደ አየር ፊልትሮው ሳጥን ይተፋል፤ ትርፉን ይቀንሱ።

በብዙ ሞተር ሳይክሎች ውስጥ ፍሪሲዮኑ የሚጠመቀው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ ለመኪና የተሠራ ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ስለሚችል ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል ምልክት ይፈልጉ። መንሸራተቱን ለመለየት በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ይጨምሩ፤ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ይንሸራተታል። ዘይት ከመቀየርዎ በፊት ግን ኬብሉ ከመጠን በላይ አለመወጠሩን ይዩ፤ የመያዣው ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በነጻ መንቀሳቀስ አለበት።

ደረጃ 7፦ የቫልቭ ክፍተት

በሰርቪሱ የቫልቭ ክፍተት ተስተካክሎ ከነበረ ይህን ደረጃ አይዝለሉ። እዚህ ላይ የሚደርሰው ስህተት ሁልጊዜ ድምፅ አያሰማም፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። የላላ ቫልቭ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ራሱን ያጋልጣል። የጠበቀ ቫልቭ ግን ዝም ብሎ ሞተሩ ሲሞቅ በሙሉ መዝጋት ያቆማል፤ ግፊቱ ያመልጣል፣ ሚኒሞው ይንገዳገዳል፣ ውሎ ሲያድርም የቫልቩ ጠርዝ ይቃጠላል። «አሁን ድምፁ ጠፍቶ ጸጥ አለ» ተብሎ የሚሰጥዎትን ሞተር በጥርጣሬ ይቀበሉ።

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። ለብ ባለ ሞተር ላይ የተለካ ክፍተት የተሳሳተ ነው።
2. ሞተሩ ቀሎ እንዲዞር ካንዴላውን ያውጡ።
3. በክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዋና ዘንግ) ጫፍ ያለውን ዳዶ በመፍቻ፣ በሞተሩ የመዞሪያ አቅጣጫ ብቻ፣ በዝግታ ያዙሩ።
4. የአየር መግቢያው ቫልቭ ሲከፈትና መልሶ ሲዘጋ ይመልከቱ። ከተዘጋ በኋላ በቮላኖው (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ያለው «ቲ» (T) ምልክት ከመጠቆሚያው ጋር እስኪገጥም ማዞር ይቀጥሉ።
5. ሁለቱንም የቫልቭ መግፊያዎች በጣት ያነቃንቁ፤ ሁለቱም ጥቂት መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ እንኳ ከተጫነ የተሳሳተው ዙር ላይ ነዎት፤ አንድ ሙሉ ዙር ጨምረው ወደ «ቲ» ይመለሱ።
6. መጽሐፉ የሚለውን ቅጠል ያስገቡ። ልኩ ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጭስ መውጫው ከመግቢያው ሊለይ ይችላል። ቅጠሉ ጥቂት እየተያዘ መውጣት አለበት፤ ተጣብቆ መቅረትም ሆነ ሳይነካ ማለፍ የለበትም።
7. ማስተካከያውን እንዳይዞር ይዘው መቆለፊያ ዳዶውን ያጥብቁ፤ ከዚያ ክፍተቱን እንደገና ይለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ማስተካከያውን ስለሚስበው የመጀመሪያው ልክ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

የአምስተኛው እርምጃ ምክንያት ግልጽ ይሁን። ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ሙሉ ሥራው ሁለት ጊዜ ስለሚዞር «ቲ» ምልክትም ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ቫልቮቹ ሁለቱም ተዘግተው የሚያርፉት ግን በአንደኛው ብቻ ነው። በሌላኛው ላይ የተስተካከለ ቫልቭ እየተጫነ ሳለ የተስተካከለ ነውና ልኩ ከእውነቱ በጣም ይርቃል።

ደረጃ 8፦ ሰንሰለትና ጎማ

ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ ማርሹን ነጻ ያድርጉ። በሚዞር ሰንሰለት አጠገብ ጣት መሰንዘር ጣት ያስቆርጣል፤ በሞተር ኃይል እያዞሩ ሰንሰለት መቀባትም ያው ነው።

1. በፊት ፒኞኑ፣ ማለትም በሞተሩ በኩል ባለው ትንሽ ጥርሳም ክብ ብረት፣ እና በኋላ ኮሮናው መሃል የታችኛውን ሰንሰለት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱና ጠቅላላ እንቅስቃሴውን በማስመሪያ ይለኩ። ለመንገድ ሞተር ሳይክሎች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፍ ብለው ለሚቆሙት ከዚያ ይበልጣል።
2. ጎማውን እያዞሩ ቢያንስ በአምስት ቦታ ይለኩ፤ የሚያስተካክሉት እጅግ በጠበቀው ቦታ ላይ ነው። በጠበቀውና በላላው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ከፍተኛ ከሆነ ሰንሰለቱ አብቅቷል፤ ማስተካከል አያድነውም።
3. ከተቻለ ሌላ ሰው ተቀምጦበት እንደገና ይፈትሹ። የኋላ ሹካው (የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ) ሲጫን የፒኞኑ መሃል፣ የሹካው መታጠፊያና የጎማው አክስል በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ሰንሰለቱ በጣም ይጠብቃል፤ ያኔም የተወሰነ ልልነት ሊቀርለት ይገባል።
4. የጎማውን ቀጥታ ከሹካው መታጠፊያ መሃል እስከ አክስሉ መሃል በሁለቱም ጎን በመለካት ያረጋግጡ። በሹካው ላይ የተቀረጹት መስመሮች ሁልጊዜ እኩል ስለማይሆኑ በእነሱ ብቻ አይተማመኑ።
5. የአክስሉን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ ልልነቱን እንደገና ይለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ጎማውን ስለሚስበው ብዙ ሰንሰለቶች ከመጠን በላይ የሚወጠሩት በዚህች ሰዓት ነው።

ሰንሰለቱ በቅንጥብ የሚያያዝ ከሆነ የቅንጥቡ የተዘጋው ጫፍ ወደ ሰንሰለቱ መሄጃ አቅጣጫ ይሁን። የፒኞኑ ብሎኖች መጥበቃቸውንም ይዩ።

ጎማው ወጥቶ ከነበረ በአክስሉ ላይ የሚገቡት አጫጭር ቱቦዎች በየቦታቸውና በየጎናቸው መመለሳቸውን፣ በኮሮናውና በጎማው መካከል ያሉት ላስቲኮችም ሁሉም መኖራቸውን ያረጋግጡ። አንድ ቱቦ ከቀረ ኩሽኔታው ተጨንቆ በጥቂት ጉዞ ያልቃል። የጎማው ላስቲክ ተቀይሮ ከሆነ ጎማውን በአየር ላይ እያዞሩ በቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያለውን ቀጭን መስመር ይከተሉ፤ መስመሩ በአንድ ቦታ ወደ ቸርኬው ከሰመጠ የጎማው ላስቲክ በትክክል አልተቀመጠም። በቸርኬው ላይ የነበሩት ትናንሽ የሚዛን ክብደቶች ከወደቁም ጎማውን እንደገና ሚዛን ማስያዝ ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ የሞተሩ ክዳን ተከፍቶ ከነበረ

ፍሪሲዮን ለመቀየር የጎን ክዳኑ፣ ወይም ለሌላ ሥራ የሲሊንደሩ ክዳን ከተከፈተ ሦስት ቦታዎች አሉ። ለዚህ ሥራ መሣሪያውና መጽሐፉ ከሌለዎት ሞተር ሳይክሉን በመኪና ያስጭኑት እንጂ ነድተው አይውሰዱት።

*ሚዛን ጠባቂው ዘንግ።* ብዙ ሞተሮች የፒስተኑን ምት የሚያካክስ ክብደት ያለው ዘንግ በጥርስ ከክራንክሻፍቱ ጋር አያይዘው ይዘዋል። በጥርሶቹ ላይ የተቀረጹት ነጥቦች ፊት ለፊት ካልገጠሙ ክብደቱ ንዝረቱን መቀነሱ ቀርቶ ይጨምርበታል፤ ቆሞም በዙር ልክ እየበረታ የሚሄድ ከባድ ንዝረት የሚሰማው ያኔ ነው። ክዳኑን ይክፈቱ፣ ነጥቦቹን ያጋጥሙ፣ የጥርሱን ዳዶና መቆለፊያ ሮንዴላውን ይፈትሹ።

*የካምሻፍት ሰንሰለት።* ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ (ካምሻፍት) የሚያዞረው ይህ ሰንሰለት አንድ ጥርስ ስቶ ከገባ ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በጭስ መውጫው በኩልም ይተኩሳል። ምልክቶቹን ካጋጠሙ በኋላ ከማስነሣትዎ በፊት ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ከቆመ በኃይል አይግፉት፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ሊሆን ይችላል። የሰንሰለቱ መወጠሪያ ከተገጠመ በኋላ ተለቆ ሰንሰለቱን መወጠሩንም ያረጋግጡ።

*ቮላኖው።* ቮላኖውን በቦታው የምትይዘው ትንሽ ቁልፍ ከተቆረጠች የማቀጣጠያው ሰዓት ይዛባል፤ ሞተሩ ሲነሣ መልሶ ከመታ ይህን ይጠርጥሩ።

ደረጃ 10፦ አንድ በአንድ ይሞክሩ

ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ የደረጃ 2ን ሙከራ በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ፍጥነትና ማርሽ ይድገሙ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ካስተካከሉና ንዝረቱ ከጠፋ የትኛው እንደሠራ አያውቁም፤ ከባሰም የትኛው እንዳበላሸ አያውቁም። አንድ እርምጃ ለውጥ ካላመጣ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ንዝረቱ ሲጠፋ በፈቷቸው ብሎኖችና በመቀመጫቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ያስምሩ። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መስመሮቹን ይመልከቱ፤ መስመሩ የተሰበረበት ብሎን ዞሯልና ያውጡት፣ ጥርሱን ይመርምሩ፣ ጤነኛ ከሆነ በልኩ መልሰው ያጥብቁት፤ ካልሆነም በአዲስ ይቀይሩት። በዚያው ቀን የሰንሰለቱን ልልነት እንደገና ይለኩ፤ አዲስ ሰንሰለት ከተገጠመ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች መርዘሙ አይቀርም።